ሲፕሮ የሆድ ቁርጠት ክኒን አይደለም!

ዛሬ እንደ ወትሮው ምክር ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ዛሬ ልቆጣ ነው የመጣሁት። ቁጣዬ ከፍቅር ነውና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

በቅርቡ አንዲት እናት አንድ ዓመት ተኩል የሆነውን ልጇን አዝላ ከጊራና በኩል ወደ መርሳ መጣች። ልጁን ማስቀመጥ ከጀመረው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል። ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልመለስ አለ።

"እህቴ፣ እስካሁን ምን ሰጠሽው?" አልኳት።

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ለሁለት ለሁለት የተሰበረ ሲፕሮ አለ። ሜትሮኒዳዞልም አለ። ሲፕሮው ለአያቱ ታዝዞ የተረፈ ነው። ሜትሮኒዳዞሉ ያለ ማዘዣ የተገዛ ነው።

"ውኃስ?"

"ውኃ ከጠጣ ይብስበታል ብለውኝ ከለከልሁት፣ ዶክተር።"

አያችሁ? ዲኤንኤ የሚበጥሱ ሁለት ኃይለኛ መድኃኒቶች በነጠላ ተቋጥረው አሉ፤ አንድ ስኒ ውኃ ግን የለም። "አብሽሪ፣ ይድናል" አልኳትና ኦአርኤስ በጥብጠን በማንኪያ ጀመርን። ልጁ ኩባያውን ሲያይ እየተስገበገበ ጠጣ። ከአራት ሰዓት በኋላ ሸና። ማታ ሳቀ። የዳነው በሲፕሮ አልነበረም።

እናቲቱን አልወቅሳትም። የምወቅሰው ይህን ነገር ልማድ ያደረግነውን ሁላችንንም ነው፤ የሚገዛውንም፣ የሚሸጠውንም፣ የሚያዘውንም። እኔም አለሁበት፤ ወደ ታች ስትደርሱ ጥፋቴን እነግራችኋለሁ።

ለመሆኑ ሲፕሮ ምን ያደርጋል?

እናቶቻችን ሲፈትሉ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሴሉ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል በጣም ቀጭንና ረጅም ክር አለው። ሴሉ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በዚያ ክር ላይ ተጽፏል። በአንጀታችን የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ እንውሰድ። ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 500ኛ ያህል ነው። በውስጡ ተጠቅልሎ ያለው ዲኤንኤ ግን ቢዘረጋ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ከራሱ ቁመት ከ700 እጥፍ በላይ የሚረዝም ክር በሆዱ ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

ዲኤንኤ ደግሞ ነጠላ ክር አይደለም። ሁለት ሆኖ የተገመደ ነው። ባክቴሪያው ለመራባት ሁለቱን ክሮች ነጣጥሎ መገልበጥ አለበት። የተገመደ ክር ከአንድ ወገን ይዛችሁ ስትተረትሩት ከፊት ያለው ምን ይሆናል? ይከራል፣ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል። ባክቴሪያው ይህን የሚፈታበት ጋይሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ጋይሬዝ የከረረውን ክር ይቆርጣል፣ ሌላውን ክር በመሐል ያሳልፋል፣ የቆረጠውን መልሶ ይቀጥላል። ምቹ ሁኔታ ካገኘ ኢ. ኮላይ በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ሲፕሮ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጋይሬዝ ክሩን ከቆረጠ በኋላ፣ መልሶ ከመቀጠሉ በፊት፣ እጁን ይይዘዋል። ክሩ እንደተቆረጠ ይቀራል። የተቆረጠው ሲበዛ ባክቴሪያው ይሞታል።

የሲፕሮ ወገን የሆኑት ኖርፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲንም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የዘራቸው መነሻ ናሊዲክሲክ አሲድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የወባውን ክሎሮኪን ሲያመርቱ ከወጣ ተረፈ ምርት የተገኘ። ለወባ ሲደክሙ የባክቴሪያ መድኃኒት አገኙ።

ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ይህንኑ ክር ይነካሉ፦

1. ሜትሮኒዳዞል፦ ወደ ሰውነት ሲገባ እንቅልፍ ላይ ነው። የሚነቃው ኦክስጅን በሌለበት በሚኖሩ ጀርሞች ውስጥ ብቻ ነው። ሲነቃ ዲኤንኤያቸውን ይበጣጥሳል። ስለዚህ ለአሜባ፣ ለጃርዲያና ኦክስጅን ለማይወዱ ባክቴሪያዎች ይጠቅማል። ለሌላው ተቅማጥ ሁሉ ግን ቦታ የለውም።

2. ኮትሪሞክሳዞል፦ ክሩን አይነካም፤ ክሩ የሚፈተልበትን ባዘቶ ያስቀራል። ባክቴሪያ ፎሊክ አሲድን ራሱ ነው የሚሠራው፤ ያንን ሲያጣ የዲኤንኤ ጥሬ ዕቃ ያልቅበታል። እኛ ከምግብ ስለምናገኘው ጉዳቱ ለባክቴሪያው ይከፋል።

3. ሪፋምፒሲን፦ የቲቢ መድኃኒት ነው። ዲኤንኤ ላይ ያለው ትእዛዝ ሥራ ላይ የሚውለው አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ተገልብጦ ነው። ሪፋምፒሲን የሚገለብጠውን ጸሐፊ እጅ ያስራል። ትእዛዝ ያልደረሰው ባክቴሪያ ይሞታል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሲፕሮ የሚይዘው የባክቴሪያን ጋይሬዝ ነው። በዓለም ላይ ሕፃናትን ክፉኛ ከሚያስቀምጡት ዋነኛው ግን ሮታ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረስ ጋይሬዝ የለውም። የሚባዛው በእኛው ሴል መሣሪያ ነው። ሲፕሮ በሮታ ላይ የሚይዘው እጅ የለም! በሌለ እጅ ላይ ካቴና ማሰር ማለት ነው። ለሮታ ያለን ክትባት ነው፤ በሀገራችን ከ2006 ጀምሮ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በነጻ ይሰጣል። ጉንፋንም ቫይረስ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ቁስለትም እንዲሁ።

"ዶክተር፣ ዲኤንኤ የሚነካ ከሆነ የእኛንስ አይነካም?"

ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን አንዳንዱ ሰው ከዚህ ተነሥቶ የቲቢ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ያስባል። ስለዚህ ቁርጡን ልንገራችሁ።

ዲኤንኤን ራሱን ጨብጠው የሚይዙ አንቲባዮቲኮች በእውነት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 የነዋክስማን ቤተ ሙከራ አክቲኖማይሲን የተባለውን ከአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ አገኘ። ይህ መድኃኒት በክሩ መካከል ገብቶ ይጣበቅና አርኤንኤ እንዳይገለበጥ ይከለክላል። ችግሩ ክሩ የማን እንደሆነ አይለይም። የባክቴሪያም ይሁን የሰው፣ ያገኘውን ይይዛል። በጣም መርዛማ ስለሆነ ለኢንፌክሽን አልዋለም። ዛሬ የሚሰጠው ለካንሰር ነው፤ በተለይ በሕፃናት የኩላሊት ካንሰር። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒትም የዚሁ ዓይነት ነው። በጥቁር አንበሳ የጡት ካንሰር ሕክምና የተከታተለች ዘመድ ያለቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፀጉር የሚረግፈው መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴልን ሁሉ ስለሚመታ ነው።

ሲፕሮና ሪፋምፒሲን ከእነዚህ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። የሚይዙት የባክቴሪያውን መሣሪያ ነው። የእኛም ሴል ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ኢንዛይም አለው፤ ቅርጹ ግን ስለሚለይ በሐኪም በታዘዘው መጠን መድኃኒቶቹ የእኛን እምብዛም አይዙትም። ስለዚህ በትክክል ከታዘዘላችሁ አትፍሩ፣ ዋጡት።

ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሲፕሮ ጅማት ሊያሳምም፣ አልፎ አልፎም ሊበጥስ ይችላል፤ በተለይ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ። ተረከዛችሁ በላይ ድንገት ካመማችሁ አቁሙና ሐኪም አማክሩ። ከወተት፣ ከአይረን ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተዋጠ ደግሞ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ታዲያ ከጎረቤት የተረፈውን ለልጁ ከወተት ጋር የሚሰጥ ሰው ምን እያደረገ ነው? ጀርሙን አይገድልም፤ እያሠለጠነው ነው!

"ሰውነቴ ለምዶታል"

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አሳስቶናል። "መድኃኒት የተላመደ" ስንል ብዙ ሰው የሚመስለው የእሱ ሰውነት መድኃኒቱን የለመደው ነው። "ዶክተር፣ አሞክሳሲሊን ሰውነቴ ለምዶታል፣ ጠንከር ያለ እዘዢልኝ" ይሉኛል። ወገኖቼ፣ የለመደው የእናንተ ሰውነት አይደለም። የለመደው ጀርሙ ነው። ጀርሙ ደግሞ ከእናንተ ወደ ልጃችሁ፣ ከልጃችሁ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ገበያ ይሄዳል። በሕይወቱ አንድ ሲፕሮ ውጦ የማያውቅ ሕፃን ሲፕሮ በለመደ ጀርም ሊታመም ይችላል።

እንዴት ነው የሚለምደው? ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ አንዳንዴ ይሳሳታል። ከብዙ ሚሊዮን አንዱ ላይ ስሕተቱ ጋይሬዝ ላይ ያርፍና የጋይሬዙ ቅርጽ ትንሽ ይለወጣል። ሲፕሮ ያንን መያዝ አይችልም። ሲፕሮ ስትውጡ ሌሎቹ ይሞታሉ፣ ያ አንዱ ይቀራል፤ ቦታውም ምግቡም የእሱ ይሆናል። አረሙን ትቶ ጤፉን እንደ ማረም ነው።

ይባስ ብሎ፣ ሲፕሮ ሳይበቃ ሲቀር፣ ማለትም ሁለት ፍሬ ውጦ ሲተው፣ ዲኤንኤው የተጎዳው ባክቴሪያ የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማል። ያን ጊዜ ዲኤንኤውን በችኮላ የሚጠግኑ፣ ግን ብዙ የሚሳሳቱ ኢንዛይሞች ይሠማራሉ። ስሕተት ሲበዛ የመላመድ ዕድሉም ይበዛል። ግማሽ ሲፕሮ እንግዲህ ግማሽ ሕክምና አይደለም፤ ለጀርሙ ትምህርት ቤት ነው።

ሲፕሮን ስለጠላሁት አይደለም ይህን ሁሉ የምለው። ስለምፈልገው ነው! ልጅ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ የሚመክረው ሲፕሮን ነው፤ በልጁ ክብደት ተሰልቶ ለ3 ቀን። ያ ልጅ በደም ተበክሎ ሲመጣልኝ እጄ ላይ ያለው መድኃኒት መሥራት አለበት። ለቁርጠት፣ ለጉንፋን፣ ለሠርግ ምግብ "እንዳይነሣብኝ" ተብሎ የተዋጠው ሲፕሮ የሚወሰደው ከዚያ ልጅ አፍ ነው።

አሁን ወደ እኛው ቤት፦ ዊዳል

ደም ሰጥቶ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ያልተባለ ሰው በሰፈራችሁ አለ? እኔ የማውቀው ጥቂት ነው። የታይፎይዱን ውጤት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው ነው። ምርመራው ጀርሙን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ለጀርሙ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከወራት በፊት ከነበረ ሕመም ወይም ከሌላ ዘመድ ጀርም ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ "ፖዘቲቭ" ስለተባለ አሁን ታይፎይድ አለባችሁ ማለት አይደለም። ሆኖም ውጤቱ እንደወጣ ብዕር ይነሣል፣ ሲፕሮ ይጻፋል።

ቃል የገባሁትን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሌላ ቦታ ሳለሁ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት መጣ። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል፣ ከስቷል። ትንሽም ያስለዋል። ወረፋው ረጅም ነበር። ዊዳል አዘዝኩ፣ ፖዘቲቭ ሆነ፣ የ10 ቀን ሲፕሮ ጻፍኩ። ትኩሳቱ በረደ። አመስግኖኝ ሄደ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ደም እየተፋ ተመለሰ። የሳንባ ቲቢ ነበር። በቤቱ ሚስቱና የ8 ወር ሕፃን አሉ። በዚያ ሁለት ወር ተኩል ውስጥ ሕፃኑን አቅፎ እየሳለ ያድር ነበር።

ሲፕሮ የቲቢን ባክቴሪያ ያደክመዋል እንጂ ብቻውን አይፈውሰውም። ትኩሳቱን አብርዶ ሕመሙን ደበቀብኝ። ጀርሙ ግን ቆየ። ሕፃኑ ተመርምሮ መከላከያ ጀመረ፤ አባትየውም መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ፣ ተመስገን። የእኔ ብዕር ግን ያደረገችውን አልረሳም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ላሳለ ሰው አክታውን ሳላስመረምር የሲፕሮን ወገን አልጽፍም። ባልደረቦቼ፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ እናንተም አትጻፉ።

ለምን ቲቢ ላይ እንዲህ ጠነከርኩ?

ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም የቲቢ ባክቴሪያ ከ100 ሚሊዮን ባክቴሪያ አንድ ያህል በራሱ ጊዜ ይፈጠራል። የተቦረቦረ ሳንባ ውስጥ ደግሞ ይህን ያህል ባክቴሪያ ይኖራል። ለዚህ ነው ሪፋምፒሲን ብቻውን የማይሰጠው፤ አንዱን ያመለጠ ሌላው እንዲይዘው ለ2 ወር አራት ዓይነት፣ ለቀጣዩ 4 ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት የሚሰጠው። መሐል ላይ የሚያቋርጥ ሰው ያን ያመለጠውን አንዱን ያነግሠዋል።

እኛ በዚህ አካባቢ የመድኃኒት መቋረጥ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያዳርስ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተዘጉ። የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች መድኃኒታቸው ተቋረጠ። ያን ጊዜ ሰው መድኃኒት አጥቶ አቋረጠ፤ ማን ይፈርድበታል? ዛሬ ግን መድኃኒቱ እያለ "ተሻለኝ" ብሎ ለሚያቋርጥ ምን ልበለው?

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በሀገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ያኔ ሕክምናው 20 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር፤ ለወራት በየቀኑ የሚወጋው መርፌ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ብዙ ተለፍቶበት እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በብዛት ካለባቸው 30 ሀገሮች ዝርዝር አወጣት። ተራው ቲቢ በብዛት ካለባቸው 30 ሀገሮች ውስጥ ግን አሁንም አለን። የተገኘው ድል እንዳይመለስ መጠበቅ አለበት።

አሁን ነጥቡን ላያይዘው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የ6 ወር አዲስ ሕክምና መከረ። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ሞክሲፍሎክሳሲን ነው። የሲፕሮ ወንድም! ሪፋምፒሲን ሲሸነፍ የምንጠራው የሲፕሮን ወገን ነው ማለት ነው። ለሳልና ለቁርጠት ስንበትነው የምንጨርሰው ያንን የመጨረሻ ዘብ ነው። ሁለቱንም የለመደ ቲቢ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በዚህ ገጽ ልጽፍላችሁ አልፈልግም፤ እንዲመጣም አልፈልግም።

የምትሉኝን አውቃለሁ

"ዶክተር፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው።" እውነት ነው። ከሀብሩ ቀበሌዎች በእግር ረጅም መንገድ የሚመጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ግን ለተራ ተቅማጥ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ዚንክ ጤና ኬላ ላይ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሊገኝ የሚገባው ነው። ካልተገኘ ሲፕሮ ከመግዛት ይልቅ "ኦአርኤስ ለምን ጠፋ?" ብላችሁ ጮኹ፣ እኔም አብሬያችሁ እጮሃለሁ። ኦአርኤስና ዚንክ የሚያልቅበት፣ ሲፕሮ ግን የማያልቅበት ከተማ አሠራሩ ተገልብጧል።

"ባለፈው ውጬ ድኛለሁ።" አብዛኛው ተቅማጥና ጉንፋን በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ይድናል። ዶሮ ስትጮህ ይነጋል፤ ያነጋችው ግን ዶሮዋ አይደለችም።

"ምርመራው ብር ያስወጣል።" የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ለሌላው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ሁኑ። ደግሞም ለማይጠቅም ክኒን በየወሩ የምታወጡትን ደምሩት።

"እኔ ባልሸጥለት ሌላው ይሸጥለታል።" ይህ የመድኃኒት ቤት ወንድሞቼና እህቶቼ መልስ ነው። አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሕጉን ትተን ሰውነቱን እንያዝ፦ ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ቆርጣችሁ የምትሸጡለት ሰው ልጆቹ ከእናንተ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ጀርሙ ማን ሸጠው፣ ማን ገዛው አይልም።

ምን እናድርግ?

• ልጅ ሲያስቀምጠው፦ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ድፉትና አዲስ በጥብጡ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ፣ ቀስ እያላችሁ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ጡትም ምግብም አትከልክሉት።

• ዚንክ፦ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጡት።

• ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም አምጡ፦ ሰገራው ደም ካለው፣ መጠጣት ካቃተው፣ ያጠጣችሁትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ትኩሳቱ ከበረታ።

• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳል ካለ፦ አንቲባዮቲክ አትፈልጉ፣ የአክታ ምርመራ ጠይቁ። ጂን-ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አንብቦ ቲቢ መሆኑንና ሪፋምፒሲንን መልመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል።

• የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁ፦ ሽንታችሁ ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። እህቶቼ፣ ይህን ግን ልብ በሉ፦ ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ኃይል ያሳጣል። ሌላ ዘዴ ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ።

• ኤችአይቪ ኖሮባችሁ ኮትሪሞክሳዞል በየቀኑ የታዘዘላችሁ፦ ይህ ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም። ሐኪማችሁ ሳይነግራችሁ አታቁሙ።

• የተረፈ አንቲባዮቲክ በነጠላ ጫፍም፣ በመሳቢያም አታስቀምጡ። ለጎረቤት አታበድሩ። ጨውና በርበሬ ይበደራሉ፤ ሲፕሮ አይበደርም።

• እኔንም ጠይቁኝ! ሐኪም አንቲባዮቲክ ሲጽፍላችሁ "ለየትኛው ጀርም ነው? ለስንት ቀን? ባልወስደውስ?" በሉ። መልስ የሌለው ሐኪም ብዕሩን ያስቀምጥ። ያለ መድኃኒት ሲልካችሁም "ይቺ ሐኪም ምንም አልሰጠችኝም" ብላችሁ አትሙኝ። ጆሮ ሰጥቻችኋለሁ፣ መርምሬያችኋለሁ፣ የማያስፈልጋችሁን ከልክያችኋለሁ። መከልከልም ሕክምና ነው።

የዚያች እናት ልጅ ዛሬ ደህና ነው። ስትሄድ ነጠላዋ ውስጥ የነበረውን ክኒን ሰጥታኝ፣ በቦታው ሁለት ፓኬት ኦአርኤስና ዚንክ ቋጥራ ሄደች። ከአንድ ነጠላ የወጣውን ሲፕሮ ተቀብያለሁ። በየቤታችሁ የተቋጠረው ቀርቷል። ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈቱና እዩት፤ ያገኛችሁትን በአቅራቢያችሁ ላለ የጤና ባለሙያ አስረክቡ።

ልጅ ላለው፣ የታመመ ላለበት ወዳጃችሁ ሼር አድርጉ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ቀስ በቀስ ሁሉንም እመልሳለሁ።

ጤና ይስጥልን!
የእናንተው ሐኪም፣ ከመርሳ